የመስክ መኪና የሚመስሉ ትንንሽ አውቶሞቢሎች አመጣጥ

ከአንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ

አባቶቻችን «በቅሎን አባትሽ ማን ነው ቢሏት ፈረስ አጎቴ ነው አለች» እያሉ ይተርታሉ። ተረቱ የተነገረው የራሱን ትውልድ ሸሽጎ በዘመዱ ክብር ለሚኮራ ሰው ቢሆንም፣ በዛሬው ጊዜ በባሕር ዳር ጎዳናዎች ላይ ለሚመላለሱት ለብዙዎቹ መኪኖችም ልክክ ብሎ ይስማማል። እነዚህ መኪኖች ከመሬት ከፍ ያሉ ናቸው፤ የጎማቸው ዙሪያና የጎናቸው ታች በጥቁር ፕላስቲክ ተለብጧል፤ ከፓራውልታቸው ሥር የብረት ጋሻ የሚመስል ብርማ ሰሌዳ ተደርጎላቸዋል፤ በጣሪያቸውም ላይ የዕቃ መጫኛ ዘንግ ተዘርግቷል። ሲያዩዋቸው የዓባይን በረሃ አቋርጠው፣ የጮቄን ተራራ ወጥተው የተመለሱ ይመስላሉ። ጎንበስ ብሎ ከሥራቸው ላየ ሰው ግን የሚያገኘው የተራ የከተማ አውቶሞቢል አካል ነው።

በዚህ የትምህርት ቤታችን በዓል መታሰቢያ በሚሆነው መጽሔት ላይ ስለ ነገሥታት፣ ስለ ጦርነትና ስለ ጥንታውያን ገዳማት የሚጽፉ ጓደኞች ብዙዎች ስለ ሆኑ፣ እኔ ደግሞ በየቀኑ እያየነው ታሪኩን ስለማንጠይቀው ስለዚህ ነገር ጥቂት ለመጻፍ አሰብሁ። ነገሩ የጨዋታ ይምሰል እንጂ ቀላል አይደለም። መኪና አንድ ቤተ ሰብ የብዙ ዓመት ጥሪቱን አውጥቶ የሚገዛው ዕቃ ነው፤ ከዚያም አልፎ እናትና አባት፣ ሕፃናትና ሕመምተኞች የሚሳፈሩበት ነው። ስለዚህ ምን ማድረግ እንደሚችልና ምን እንደማይችል ማወቅ ይገባል። በዚህ ጽሑፍ የውጭ አገሮችን በሚመለከት የተጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ «ዓ.ም.» የተባሉት ግን እንደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልኝ።

በመጀመሪያ እውነተኛው የመስክ መኪና፣ በተለምዶ «የፊልድ መኪና» የምንለው፣ ምን እንደ ሆነ እንመልከት። አንደኛ፣ የሞተሩ ኀይል ወደ አራቱም ጎማዎች ይደርሳል፤ ይህንን ሕዝቡ «ፎር ዊል» ይለዋል። ሁለተኛ፣ ፍጥነትን ቀንሶ ጉልበትን የሚያበዛ ረዳት ማርሽ አለው። ሦስተኛ፣ ሆዱ ከመሬት ከፍ ያለ ነው፤ የፊቱና የኋላው አፍንጫም አጭር ስለ ሆነ ቦይ ሲገባና ቁልቁለት ሲወርድ መሬት አይነካም። አራተኛ፣ አካሉና ጎማው ድንጋይና ጭቃ እንዲችሉ ሆነው የተሠሩ ናቸው። ከእነዚህ ውስጥ ከሩቅ የሚታየው ሦስተኛው ብቻ ነው። የምንተርከውም ታሪክ የሚታየው ከማይታየው እንዴት እንደ ተለየ የሚያስረዳ ታሪክ ነው።

ይህ መልክ በመጀመሪያ የተወለደው ከሥራ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ በ1940፣ የአሜሪካ ጦር ሠራዊት በማናቸውም መሬት ላይ የሚሄድ ቀላል መኪና እንዲሠራለት ፋብሪካዎችን ጠየቀ። ባንታም የተባለው ትንሽ ኩባንያ ፈጥኖ ናሙናውን አቀረበ፤ ዊሊስና ፎርድ ደግሞ በብዛት ሠሩት። ጦርነቱ እስኪያልቅ ድረስ ከ600,000 በላይ ጂፕ ተሠርቷል። ጂፕ ጎኑ ጠፍጣፋ የሆነው ለማማር ሳይሆን ቶሎ ተሠርቶ ቶሎ እንዲጠገን ነው። ከፍ ማለቱም ድንጋይ እንዳይመታው ነው።

ከጦርነቱ በኋላ በእንግሊዝ አገር የሮቨር ፋብሪካ መሐንዲስ የነበረው ሞሪስ ዊልክስ በእርሻው ላይ በጂፕ ይሠራ ስለ ነበር፣ ለገበሬ የሚሆን ተመሳሳይ መኪና ለመሥራት አሰበ። በሚያዝያ 1948 በአምስተርዳም ከተማ በተደረገው የመኪና ትርኢት ላይ ላንድሮቨር ለሕዝብ ታየ። በዚያን ጊዜ ብረት እንደ ልብ ስለማይገኝ አካሉ ከአሉሚኒየም ተሠራ። ጃፓኖችም በ1951 የራሳቸውን መኪና ሠርተው በፉጂ ተራራ ላይ እስከ ስድስተኛው ማረፊያ ድረስ ወጡበት። ይኸው መኪና በ1954 ላንድክሩዘር የሚለውን ስም አገኘ።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ መኪና ኢትዮጵያ የገባው መንገድ ከመዘርጋቱ በፊት ነው። በ1900 ዓ.ም. ቤንትሊ የተባለ እንግሊዛዊ ሲድሊ የተባለውን መኪና ከጅቡቲ አንሥቶ በብዙ ድካም አዲስ አበባ አግብቶ ለዐፄ ምኒልክ አሳየ። ከዚያ ወዲህ ለረዥም ጊዜ የኢትዮጵያ መኪና ችግር የሞተር ችግር ሳይሆን የመንገድ ችግር ነበር። የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን በ1943 ዓ.ም. ከተቋቋመ በኋላ መንገዱ እየተስፋፋ ቢሄድም፣ ከአውራ ጎዳናው ወጥቶ ወደ ወረዳ የሚሄድ ሐኪም፣ ቀያሽ ወይም የእርሻ ባለሙያ ያለ ላንድሮቨር ወይም ያለ ላንድክሩዘር ሥራውን መፈጸም አይችልም ነበር።

በተለይ የጣና ዙሪያ አፈር መኪናን የሚፈትን ነው። በሐይቁ ምሥራቅ ያለውን የፎገራን ሜዳ እንመልከት። ርብና ጉማራ በክረምት እየሞሉ ሜዳውን ያለብሱታል፤ መሬቱም ጥቁር ዋልካ ነው። ዋልካ በበጋ እንደ ጡብ ደርቆ ይሰነጠቃል፤ ዝናብ ሲያገኘው ግን አብጦ እንደ ቅቤ ያንሸራትታል፤ ከጎማውም ጥርስ መካከል ገብቶ ጎማውን ልሙጥ ያደርገዋል። እንዲህ ባለው አገር ሕዝቡ ከፍ ያለ፣ ጎማው ትልቅና ጎኑ ጠንካራ የሆነ መኪና ሲያይ «ይኸ ይደርሳል፣ ይመልሳልም» ብሎ ማመንን ተማረ። እምነቱም በሥራ የተፈተነ ነበር። ዛሬ የትንንሾቹ መኪኖች ሠሪዎች የሚጠቀሙበት ይህንኑ እምነት ነው።

የመስክ መኪና ከገበሬ ዕቃነት ወደ ክብር ዕቃነት የተሸጋገረው በ1970 ነው። በዚያ ዓመት የወጣው ሬንጅ ሮቨር ኀይሉን ለአራቱም ጎማዎች ያደርስ ነበር፤ ነገር ግን በባሌስትራ ፈንታ በጥቅል ሞላ ላይ ስለ ተቀመጠ እንደ አውቶሞቢል ይመቻል። ስሙ በዓለም እንዲገን ካደረጉት ነገሮች አንዱ በ1971 እና በ1972 ከአላስካ እስከ ደቡብ አሜሪካ ጫፍ የተደረገው ጉዞ ነው። የዚህ ጉዞ መሪ ጆን ብላሽፎርድ ስኔል ለእኛ አገር እንግዳ አይደለም። በ1960 ዓ.ም. ክረምት በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጥያቄ ዓባይን በጀልባ ለመመርመር የመጣውን ቡድን የመራው እሱ ነበርና። በፓናማና በኮሎምቢያ መካከል ባለው ዳሪየን በሚባለው ረግረግ ጫካ ውስጥ ሬንጅ ሮቨሮቹ ሦስት ወር ያህል ተንገላቱ፤ ዲፈረንሻላቸውም ተሰበረ። እንግዲህ እውነተኛው የመስክ መኪና እንኳ ሁሉን ቻይ አለመሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

ሬንጅ ሮቨር ከታየ በኋላ ብዙ ሰው መልኩን ወደደው፤ ዋጋው ግን ለጥቂቶች ብቻ የሚደረስበት ነበር። የመልክና የጉልበት መለያየት የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

በእርግጥ ከዚያ በፊትም ምልክት ታይቷል። በ1964 በእንግሊዝ አገር የወጣው ሚኒ ሞክ ከሚኒ አውቶሞቢል አካል የተሠራ ክፍት መኪና ነበር። በመጀመሪያ የታሰበው ለጦር ሠራዊት ነው፤ ነገር ግን ጎማው ትንሽ፣ ሆዱም ዝቅ ያለ ስለ ሆነ ሠራዊቱ አልተቀበለውም። የኋላ ኋላ ለባሕር ዳርቻ መዝናኛ ሆነ። በ1968 በፈረንሳይ አገር የወጣው ሲትሮይን ሜሃሪም እንዲሁ ከርካሽ አውቶሞቢል ላይ የፕላስቲክ አካል ተገጥሞለት የተሠራ ነው።

ለዛሬዎቹ መኪኖች ግን ዋናው አባት ተብሎ ሊጠራ የሚገባው ማትራ ሲምካ ራንቾ ነው። ማትራ በፈረንሳይ አገር የጦር መሣሪያና የእሽቅድምድም መኪና የሚሠራ ኩባንያ ነበር። ሬንጅ ሮቨርን የሚመስል፣ ነገር ግን ብዙ ሰው የሚገዛው መኪና ለማውጣት በማሰብ ሲምካ 1100 የተባለውን ተራ አውቶሞቢል መሠረት አደረገ። የፊቱን እንዳለ ትቶ ከኋላው ሰፊ መስኮት ያለው፣ ጣሪያው ከፍ ያለ የፋይበርግላስ አካል ገጠመለት፤ ጎኑን በጥቁር ፕላስቲክ ለበጠው፤ ተጨማሪ መብራቶችንም ተከለበት። ንድፉን ያወጣው አንቶኒስ ቮላኒስ የተባለ የግሪክ ተወላጅ ነው። መኪናው በ1977 ለገበያ ቀረበ። የሚነዳው ግን በፊት ጎማዎቹ ብቻ ነበር። ምርቱ በ1984 እስኪቆም ድረስ 57,000 ያህል ተሸጠ። ገዢዎቹም ብዙዎቹ ጫካ የመግባት ሐሳብ ያልነበራቸው፣ ሰፊና ደስ የሚል መኪና የፈለጉ ቤተ ሰቦች ነበሩ።

የሚያስደንቀው ነገር በዚያው በ1977 በሶቪየት ኅብረት የተደረገው ነው። ቶግሊያቲ በተባለችው ከተማ የሚገኘው፣ በአዲስ አበባ ታክሲነት የምናውቃትን ላዳን የሚሠራው ፋብሪካ፣ ኒቫ የተባለችውን ትንሽ መኪና አወጣ። ኒቫ ጌጥ የላትም፤ ግን አራቱም ጎማዎቿ ዘወትር ይነዳሉ፤ ረዳት ማርሽና የሚቆለፍ ዲፈረንሻልም አላት። ስለዚህ በአንድ ዓመት ሁለት ትንንሽ መኪኖች ወጡ፤ አንዱ የመስክ መኪናን መልክ ወሰደ፣ ሁለተኛዋ ጉልበቱን ወሰደች። ትንሽነትና ርካሽነት ጉልበትን የግድ እንደማያስቀሩ ኒቫ ምስክር ናት። ራንቾም የተሠራው ባለማወቅ ሳይሆን ታስቦበት ነው።

በሁለቱ መካከል ሦስተኛ መንገድ የከፈተው በ1994 የወጣው ቶዮታ ራቭ ፎር ነው። ራቭ ፎር እንደ ላንድክሩዘር በሻንሲ ላይ የተጫነ አልነበረም፤ አካሉ እንደ አውቶሞቢል አንድ ወጥ ሆኖ ተሠራ፤ ረዳት ማርሽም የለውም፤ ነገር ግን አራቱም ጎማዎቹ ይነዱ ነበር። በጠጠር መንገድና በመጠነኛ ጭቃ ላይ ጥሩ ሥራ ስለ ሠራ በአገራችንም ብዙ ሰው ወደደው። እንዲህ ያለው ከሁለት ወገን የተዳቀለ መኪና ኋላ «ክሮስኦቨር» ተባለ። የኋላ ኋላ ግን ራቭ ፎርም ቢሆን በሁለት ጎማ ብቻ የሚነዳው ዓይነት እየተሠራ መሸጥ ጀመረ፤ ከውጭ ሲያዩት ግን ሁለቱን ለመለየት ያስቸግራል።

ከዚህ ቀጥሎ ነገሩ የተስፋፋው በብራዚል ነው። ብራዚል ሰፊ አገር ናት፤ ብዙው መንገዷ ያልተነጠፈ ወይም የተቦረቦረ፣ ሕዝቧም ውድ መኪና ለመግዛት አቅም ያነሰው ነበር። በ1999 ፊያት ፓሊዮ የተባለውን መኪናውን ከፍ አድርጎ፣ በጥቁር ፕላስቲክ ለብጦ «አድቬንቸር» ብሎ ሸጠው። በ2003 ፎርድ ከፊየስታ ላይ ኢኮስፖርትን ሠራ፤ በ2005 ቮልስዋገን ፎክስ የተባለችውን ትንሽ መኪና ከፍ አድርጎ፣ ቅያሪ ጎማዋን እንደ ጂፕ ከኋላ ሰቅሎ ክሮስፎክስ አላት። በ2008 ደግሞ ሬኖ ሳንዴሮን ከፍ አድርጎ ስቴፕዌይ አለው። በእንግሊዝም በ2003 ሮቨር 25 የተባለው መኪና ከፍ ብሎ ስትሪትዋይዝ ተባለ፤ ስሙ ራሱ ከመስክ ይልቅ የጎዳና መሆኑን ይናዘዛል። የብራዚሎቹ ግን ለመልክ ብቻ የተሠሩ ናቸው ማለት አይቻልም፤ ከፍ ማለታቸው በጉድጓድና በፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ላይ በእርግጥ ይጠቅማልና።

ፋብሪካዎቹ ይህን መንገድ ለምን መረጡ? ነገሩ የሂሳብ ነው። አራቱን ጎማ ለማንቀሳቀስ ተጨማሪ ዘንግ፣ ተጨማሪ ዲፈረንሻልና ተጨማሪ ካምቢዮ ያስፈልጋል፤ እነዚህ ዋጋ ይጨምራሉ፣ ክብደት ይጨምራሉ፣ ነዳጅም ያበላሉ። ሞላውን ጥቂት ከፍ ማድረግና ፕላስቲክ መለበጥ ግን ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ገዢው ደግሞ ለመልኩ ሲል ከተራው አውቶሞቢል የበለጠ ይከፍላል። ከዚህም ሌላ ገዢዎቹ አብዛኛውን ጊዜ ከአስፋልት ስለማይወጡ የጎደለውን ሳያውቁት ዓመታት ያልፋሉ።

አገራችንም ከዚህ ታሪክ ውጭ አይደለችም። በቻይና በ2011 የወጣው፣ በዱከም የኢንዱስትሪ ዞንም የተገጣጠመው ሊፋን ኤክስ 60 ራቭ ፎርን የሚመስል፣ ግን በፊት ጎማው ብቻ የሚነዳ መኪና ነው። በሕንድ አገር በ2019 የወጣችው ሱዙኪ ኤስ ፕሬሶም ቁመቷ እንደ መስክ መኪና ተቆንኖ ሞተሯ የትንሽ አውቶሞቢል ነው፤ ሆዷ ከመሬት 18 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ይላል፤ የምትነዳውም በፊት ጎማዎቿ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪኖች ላይ ከባድ ቀረጥ ጣለ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ስለ ተከለከለ የኤሌክትሪክ መኪኖች በብዛት መጡ። ከእነዚህም ብዙዎቹ እንደ ቮልስዋገን አይዲ 4 ያሉ፣ የክሮስኦቨር መልክ ያላቸው ናቸው። አይዲ 4 በአራቱም ጎማ የሚነዳ ዓይነት አለው፤ በኋላ ጎማ ብቻ የሚነዳም አለው። በኤሌክትሪክ መኪና አንድ አዲስ ነገር አለ። ዱሮ ድንጋይ ሲመታ የሚጎዳው የዘይት ኮፓው ነበር፤ አሁን ከወለሉ ሥር የተነጠፈው ባትሪው ነው፤ ባትሪውም ከመኪናው አካል ሁሉ እጅግ ውዱ ነው።

እንዲህ ያለው መኪና በክረምት ከአስፋልት ወጥቶ ወደ ዋልካ ቢገባ ምን ይሆናል? ዲፈረንሻል የሚባለው ዕቃ መኪናው ሲታጠፍ ግራና ቀኝ ጎማዎች በተለያየ ፍጥነት እንዲዞሩ የሚያደርግ ነው። በአስፋልት ላይ ይህ በጎ ነው። በጭቃ ላይ ግን አንዱ ጎማ መንሸራተት ሲጀምር ኀይሉ ወደዚያ ወደሚቀለው ይሄዳል፤ እሱ በከንቱ ይሽከረከራል፤ ደረቅ መሬት የያዘው ጎማ ቆሞ ይቀራል። የኋላ ጎማዎቹም የሚነዳቸው ስለሌለ የሚጎተቱ ብቻ ናቸው። በዛሬዎቹ መኪኖች የሚንሸራተተውን ጎማ በፍሬን የሚይዝ የኤሌክትሮኒክ ብልሐት አለ፤ ጥቂት ይረዳል፤ ሁሉም ጎማ ጭቃ ላይ ሲሆን ግን የሚያወጣው በሬ ወይም የሰው ትከሻ ነው። የቀን ጉዞ የያዘ ሰው ይህ ቢደርስበት ጉዳዩ ይጓጎላል፤ ምጥ የያዛትን እናት የጫነ ሰው ቢደርስበት ግን ጉዳቱ በገንዘብ የሚመለስ አይደለም። ደላላው «ፎር ዊል ነው፣ የትም ይገባል» ብሎ ሲምል ይህንን አይጨምርበትም። በዚያን ሰዓት የመኪናው መልክ እንደ አህያ ባል ነው፤ ከጅብ አያስጥልም።

ይህን ስል ግን መኪኖቹን ለማጣጣል አይደለም። በባሕር ዳር ከተማ ውስጥ ሜዳማውን ጎዳና በብስክሌትና በባጃጅ እየኖርንበት ነው፤ ለዚህ ጎዳና ላንድክሩዘር አያስፈልግም። መጠነኛ ከፍታ ያለው ትንሽ መኪና የኮብልስቶን መንገድንና የፍጥነት መቀነሻን ያለ ጭንቀት ያልፋል፤ አረጋውያንም ሳያጎነብሱ ይገቡበታል። የወጪውም ነገር ከእውነተኛው የመስክ መኪና ያነሰ ነው። በቅሎም ብትሆን ፈረስ አይደለችም ተብላ የምትናቅ እንስሳ አይደለችም። ገደሉንና አቀበቱን በእርጋታ ስለምትወጣ አያቶቻችን ለረዥም መንገድ ከፈረስ ይመርጧት ነበር። በተረት የተነቀፈችው በቅሎ በመሆኗ ሳይሆን አባቷን በመሸሸጓ ነው። መኪናም እንደዚሁ ነው፤ ጥፋቱ ትንሽ መሆኑ አይደለም፣ ጥፋቱ ያልሆነውን ነኝ ብሎ መሸጡ ነው።

ስለዚህ የተከበራችሁ ወላጆችና መምህራን፣ ውድ ጓደኞቼም፣ መኪና ስትመለከቱ እንደ ተረቱ አባቱን ጠይቁ። ስሙንና ጌጡን ትታችሁ፣ ከየትኛው አውቶሞቢል ላይ ተሠራ? ስንቱ ጎማ ይነዳል? ረዳት ማርሽ አለውን? ከወለሉ ሥር ምን አለ፣ ከመሬትስ ስንት ሳንቲ ሜትር ይርቃል? ብላችሁ መርምሩ። እነዚህ አራት ጥያቄዎች ብዙ ዕውቀት አይጠይቁም፤ አጎንብሶ ማየትንና የመኪናውን መግለጫ ማንበብን ብቻ ይጠይቃሉ። «አለባብሰው ቢያርሱ ባረም ይመለሱ» እንደ ተባለ፣ ሲገዙ ያልመረመሩትን ነገር ክረምት ሲገባ ጭቃ ላይ ቆመው ይመረምሩታል።

በመጨረሻም ከዚህ ታሪክ የምናገኘው ሌላ ትምህርት አለ። ሲድሊ በ1900 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገባው መንገድ ሳይኖር ነው፤ የዛሬዎቹ ትንንሽ መኪኖች በየቦታው የሚደርሱት ግን መንገድ ስላለ ነው። በግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው፣ 380 ሜትር ርዝመት ያለው አዲሱ የዓባይ ድልድያችን እውነተኛውንና መሳዩን ሳይለይ ሁሉንም እኩል ያሻግራል። ከመካከላችን ነገ መሐንዲስ የሚሆኑት ወደ ፎገራ መንደሮችም ሆነ በጣና ዙሪያ ወዳሉት ቀበሌዎች ክረምት የማይቆርጠው መንገድ ቢሠሩ፣ የአገራችን ሕዝብ ለጉዞው የመስክ መኪና ጉልበት አይቸግረውም፤ መልኩም አያታልለውም። እስከዚያው ድረስ ግን መልክን ከጉልበት ለይቶ ማየት የእያንዳንዳችን ፋንታ ነው።